የዝሆኑ በር ይጠብቃል

«ሲነበብ ጠብቆ ነው ላልቶ?»

መካኒኩ እንዲህ ብሎ ጠየቃት። ጥያቄው ራሱ አልገባትም። ትልቁ ማጠቢያ ማሽን በሩን ግጥም አድርጎ ከፊቷ ቆሟል፤ ሆዱ በሆስፒታል አንሶላ ሙሉ ነው፤ እጀታው ለጎረምሶች ጉልበት እንኳ አልበገርም ብሏል። በሩ እንደ ጠበቀ ዓይኑ እያየ፣ ይህ ሰው ጠብቆ ነው ላልቶ ብሎ የሚጠይቃት ለምንድን ነው? የሽርጧን ጫፍ እየጠመዘዘች በዓይኗ ልጇን ፈለገች። ልጇ ከመተኮሻው አጠገብ ታብሌቷን በደረቷ አቅፋ ቆማለች። ፊቷ ታጥቦ እንደ ወጣ ጨርቅ ነጥቷል።

ነገሩ የጀመረው ግን ከዚያ ቀደም ብሎ ነው።

ቦታው የልብስ ማጠቢያ ድርጅት ነው። ከሆቴልና ከሆስፒታል የሚመጣው አንሶላ፣ ፎጣና የትራስ ልብስ በአንዱ በር ቆሽሾ ይገባል፤ በሌላው በር ታጥፎ፣ ሙቀቱ ሳይለቀው ይወጣል። መካከሉ እንፋሎት፣ የሳሙና ሽታና የማሽን ጩኸት ነው። የጠዋቱ ፈረቃ ሲወጣ የከሰዓቱ ይገባል፤ ሁለቱ የሚተያዩት በር ላይ ለአፍታ ሲተላለፉ ብቻ ነው። ከማሽኖቹ ሁሉ ትልቁን ሠራተኛው «ዝሆኑ» ይለዋል። ውሃ ሲስብ ድምፁ ደጅ ድረስ ይሰማል። ጠዋት ጠዋት ዝሆኑን ልብስ የምታጎርሰው እሷ ስለሆነች «እመ ዝሆን» የሚል ስም አወጡላት። አልተቀየመችም። «እግዜር የሰጠኝ አንድ ልጅ ነው፤ ይኸኛው ሁለተኛዬ ይሁን» ትላለች።

እውነተኛዋ ልጇ ተምራ፣ ተመርቃ፣ ብዙ በር አንኳኩታ ሲያበቃ እዚሁ እናቷ ዘንድ በሙከራ ተቀጠረች። ሥራ አስኪያጇ ያስገቧት ለአንድ ነገር ነው። በዚህ ቤት የጠዋቱ ሰው ያወቀውን የከሰዓቱ አያውቀውም። መልእክት የሚያሻግረው የፈረቃ አለቃው ነበር፤ ያውም በአፉ። አለቃው ያመመው ቀን የትኛው ሆቴል ትራሱ እንዳይጠነክር እንደሚፈልግ፣ የትኛው ማድረቂያ ፎጣ እንደሚያቃጥል የሚያውቅ ሰው አይገኝም። ልጅቷ ታዲያ በስልክም በታብሌትም የሚከፈት የጋራ ገጽ አበጀች። የገጠመውን የሚጽፍበት፣ የቸገረውን የሚጠይቅበት፣ የሚያውቅ ካለ ከያለበት ሆኖ የሚመልስበት። ሥራ አስኪያጇ የተናገሩት ግልጽ ነው፦ ሠራተኛው ገጹን ከለመደው በቋሚነት ትቀጠራለች፤ ካልለመደው የሙከራ ጊዜዋ ሲያልቅ ትሰናበታለች።

እናቷ ይህን ከሰማች ወዲህ እንቅልፍ የላትም። ድሮም እንቅልፏ የተበደረችው ይመስላል፤ ልጇ ካሳለች ሳንባ ነው፣ ካረፈደች አደጋ ነው፣ ዝም ካለች ደግሞ የደበቀችው ነገር አለ። አሁን ግን ጭንቀቷ መልክ አገኘ። ልጇ ከተሰናበተች ሥራ ፍለጋ አገር ለአገር መሄዷ አይቀርም። አብረዋት የተማሩት ሁሉ እንደዚያ ነው የሄዱት። ከእናቶቻቸው ጋር የቀራቸው ስልክ ብቻ ነው።

መጀመሪያ ገጹ ባዶ ነበር። ልጅቷ በየጠዋቱ «እንደምን አደራችሁ» ብላ ትጽፋለች፤ የሚመልስላት የለም።

«ግድግዳ ላይ ብትለጥፊው ይሻልሽ ነበር» አለቻት መተኮሻው ላይ የምትሠራው፣ ሁሉ «እትዬ ካውያ» የሚላት ሴት። «ግድግዳ ቢያንስ ሰው ይደገፈዋል።»

«ቆይ፣ ይለመዳል እትዬ» አለች ልጅቷ እየሳቀች። እናቷ ግን ያንን ሳቅ ታውቀዋለች። በልጅነቷ ወድቃ ጉልበቷ ሲላጥ የምትስቀው ሳቅ ነው።

የመጀመሪያውን ክብሪት የጫረው መካኒኩ ነው። ኪሱ መፍቻ አይለየውምና «ጋሼ መፍቻ» ይሉታል፤ ከሰዓት ገብቶ የሚሠራ፣ ጠጉሩ ግማሽ በግማሽ የሸበተ ሰው ነው። አንድ ቀን የእንፋሎቱን ቧንቧዎች በሙሉ ፎቶ አነሳና ገጹ ላይ ለጠፋቸው። በእያንዳንዱ መዝጊያ ላይ በጠመኔ ምልክት አድርጎ «መጀመሪያ ይህን፣ ቀጥሎ ይህን፣ ይህን ግን እኔ ሳልኖር አትንኩት» ብሎ ጻፈበት። ጠዋት ሁሉም በስልኩ አየው። ከዚያ በፊት እንፋሎቱ ሲቆም ጋሼ መፍቻ ከቤቱ እስኪጠራ ድረስ እጅ አጣጥፎ መቀመጥ ነበር።

አለቃው በር ላይ አገኘውና «ሞያህን እንዲህ ዘርግፈህ ነገ ምን ይዘህ ልትመጣ ነው?» አለው።

«ሞያ እሳት ነው» አለ ጋሼ መፍቻ። «ጎረቤት ቢጭርበት ከምድጃህ አይጎድልም። ደግሞ እኔ ለነገ የማመጣው የዛሬውን ስህተቴን ነው፤ እሱ እንደሆነ አያልቅብኝም።»

ከዚያ ወዲያ ገጹ ቀስ በቀስ ሰው ሰው ይሸት ጀመር። እትዬ ካውያ የከንፈር ቀለም የነካው የሆቴል የትራስ ልብስ ፎቶ አንስታ «ይህች እመቤት ትራሱን ነው ወይስ ባሏን የሳመችው? ማስለቀቂያውን የሚያውቅ ይንገረኝ» ብላ ጻፈች። ከሰዓት የምትገባ፣ እትዬ ካውያ መልኳን እንኳ የማታውቃት ሴት፣ ውሃ ከመንካቱ በፊት በአልኮል ጠርጎ፣ በፈሳሽ ሳሙና አሽቶ፣ ከዚያ በቀዝቃዛ ማለቅለቅ እንደሚያስለቅቀው መለሰችላት። ለቀቀም። አንዱ ስለ ዝገት ጠየቀ፤ ሌላው ስለ ሎሚ ጻፈ፤ ሦስተኛው ሎሚው ቀለም ያለው ጨርቅ እንዳደበዘዘበት ፎቶ ጨምሮ አስጠነቀቀ።

እመ ዝሆን ይህን ሁሉ ስትሰማ አፏን ከፍታ ነበር። በሻይ ሰዓት ሌሎች ጮክ ብለው ሲያነቡት ታዳምጣለች። ተያይተው የማያውቁ ሰዎች አጥር ለአጥር እንደሚጠራሩ ጎረቤቶች ሲመካከሩ፣ ይህንንም አጥር የቀየሰችው የገዛ ልጇ መሆኗ ደረቷን ያሞቀዋል። ሞቅታው ግን ብዙ አይቆይም፤ ወዲያው ጭንቀቷ ይከተላል። የሁሉም ፎቶ ገጹ ላይ አለ። የእሷ ብቻ የለም።

ምክንያቱን ሁሉም ያውቀዋል። እመ ዝሆን ፊደል የቆጠረችው ገና በቅርቡ ነው። እስከዚያ ድረስ በከረጢት ቀለም ነበር የምትሠራው፤ ቀዩ የሆስፒታል፣ ሰማያዊው የሆቴል። አሁን ከሥራ ስትወጣ ትምህርት ቤት ትገባለች። የሕፃናት ዴስክ ላይ ጉልበቷ አልገባ እያለ በጎን ተቀምጣ፣ ድምፀ ለስላሳ ከሆነች አስተማሪ ጋር ፊደል ከፊደል እያጋጠመች ቃል ትሠራለች። ማንበቡ መጥቷል፣ ቀስ ይላል እንጂ። መጻፉ ግን ላብ በላብ ያደርጋታል።

«እማዬ፣ አንድ መስመር ብቻ» ትላታለች ልጇ ወደ ቤት ሲመለሱ። «ፈልጌሽ ነው እንጂ ለቁጥር አይደለም። ስለ ዝሆኑ ካንቺ በላይ የሚያውቅ አለ?»

«ዝም አይነቅዝም፣ ልጄ።»

«ዝምታሽ እኮ ማንንም አይጠቅምም።»

«አበላሽቼ ባዋርድሽስ? ‹እናቷን መጻፍ ያላስተማረች እኛን ልታስተምር መጣች› ቢሉሽስ?»

«እኔ እንኳን ላስተምርሽ፣ ገና ካንቺ ምግብ ማብሰል አልተማርኩም» ብላ ሳቀችባት። እናቷም የዚያኑ ዕለት ምግብ ጨምራ አቀረበችላት፤ ጭንቀቷን የምታበርደው በዚያ ነው።

ሳይታሰብ አንድ ሰሞን የዝሆኑ በር ጠባዩ ተለወጠ። እመ ዝሆን በየቀኑ የምትነካው በር ነውና እጇ ቀድሞ አወቀ። ትናንት በአንድ እጅ የሚዞረው እጀታ ዛሬ ሁለት እጅ ይፈልጋል። በማግስቱ ደግሞ ትከሻ ጨመረ። ለአለቃው ልትነግር አሰበች፤ አለቃው የዚያን ዕለት አልገባም። ልጇ ቢሮ ስብሰባ ላይ ናት። ታብሌቱ ግድግዳው ላይ እንደተሰቀለ ያያታል።

መጀመሪያ ቃሉን በእንፋሎት በታፈነው የዝሆኑ መስታወት ላይ በጣቷ ሞከረችው። ጻፈች፣ አጠፋች፣ ደግማ ጻፈች። ከዚያ ሽርጧ ላይ እጇን አድርቃ ወደ ታብሌቱ ሄደች። የፊደሉ ሰሌዳ አደናገራት፤ «ጠ» የተደበቀችበትን እስክታገኝ ጠንቋይ የሚያስፈልጋት መስሏት ነበር። በመጨረሻ ግን ተሳካ፦

«የዝሆኑ በር ይጠብቃል»

ላከችው። ከጽሑፉ ጎን የእሷው ፎቶ ብቅ አለ። ልጇ ያነሳቻት፣ ሻሿ ጎበጥ ብሎ የታሰረበት ፎቶ ነው። የጻፈችውን ሰው የሚሰርቅባት ይመስል ዞር ብላ ግራ ቀኝ አየች። በማግስቱ ጠዋት ስትመለስ ከሥሩ የጋሼ መፍቻ መልስ ተጽፏል፦ «እሺ፣ ይጠብቅ።»

ፊደል በፊደል አነበበችው። በሕይወቷ የመጀመሪያው መልስ ነው። ጽፋ የተጻፈላት። «ይጠብቅ፣ እኔ አለሁለት» ማለቱ ነው ብላ ተረጎመችው። ደስታዋ ገደብ አጣ፤ ለእትዬ ካውያ አሳየቻት፣ ለሻይ አፍዪዋ አሳየቻት። ልጇ ስትሰማ አንገቷን አቅፋ ሳመቻት። እመ ዝሆንም በእርግጠኛ ልብ ዝሆኑን በሆስፒታል አንሶላ ሞላችው፣ በሩን በትከሻዋ ገፍታ ዘጋችው፣ ቁልፉን ተጫነች።

አጥቦ ሲጨርስ አልከፈትም አለ።

እሷ ሞከረች፣ እትዬ ካውያ ሞከረች፣ ጫኝ አውራጆቹ ተጠርተው ተራ በተራ ታገሉት። እጀታው ንቅንቅ አላለም። ሆስፒታሉ አንሶላውን ለከሰዓት ይጠብቃል። ጋሼ መፍቻ ከቤቱ ተጠራ፤ ሸሚዙን እየቆለፈ መጣ።

«እመ ዝሆን» አላት በሩን ዳብሶ ሲያበቃ፣ «ይጠብቃል ብለሽ ጽፈሽልኝ የለም እንዴ?»

«ጽፌአለሁ እንጂ ጋሼ።»

«እኔም በቃልሽ አመንኩ። ትናንት የማድረቂያው ቀበቶ ተበጥሶ እንደ እብድ ስሯሯጥ ነበር። ያንቺን ሳይ፣ ደግ ሴት ናት፣ በሩ ይጠብቃል ብላኛለች፣ አያስቸኩልም ማለት ነው ብዬ ቀበቶዬን ስሠራ አመሸሁ።»

«ምን ይጠብቃል? ማንን ነው የሚጠብቀው? ጠበቀ እኮ ነው ያልኩት።»

«እኔም እኮ ጠበቅኩ።»

ሁለቱ ተያዩ። ጋሼ መፍቻ በመፍቻው ጫፍ ጭንቅላቱን አከከና ያን ጥያቄ ጠየቃት። «ሲነበብ ጠብቆ ነው ላልቶ?»

ትምህርት ቤት እዚያ አልደረሱም። የደረሰችላት እትዬ ካውያ ናት፤ ታብሌቱ ፊት ቆማ ቃሉን ሁለት ጊዜ አነበበችው። አንድ ጊዜ «ብ»ን ረግጣ፣ አንድ ጊዜ «ብ»ን ለቀቅ አድርጋ። ስትረግጠው በሩ እንደ ዘበኛ ቆሞ ሰው የሚጠብቅ ሆነ። ስትለቀው በሩ እየከረረ የሚሄድ ሆነ። ፊደሉ ያው ነው፤ አንድም አልተለወጠ።

እመ ዝሆን ያን ጊዜ ገባት። የፈራችው ደረሰ፤ አንድ መስመር ጽፋ የልጇን የእንጀራ ገመድ በጠሰች።

«ይኸው ነው እንግዲህ» አለ አለቃው፣ በክፋት ሳይሆን የተናገረው ሲደርስ ባየ ሰው ድምፅ። «በአፍ ቢነገር ኖሮ ማን ይሳሳት ነበር? ‹ይጠብቃል› ብላ ብትነግረኝ ጆሮዬ አይስትም። ዓይን ነው የሚስተው።»

እውነቱን ነበር። በዚህ መሀል ሥራ አስኪያጇ ከቢሮ ወርደው መጡ። መነጽራቸውን ግንባራቸው ላይ ሰቅለው በሩን አዩ፣ ሰዓታቸውን አዩ።

«ምን ይሻላል?»

«መቆለፊያውን በማሽን መቁረጥ ነው» አለ ጋሼ መፍቻ። «ከተቆረጠ ግን አዲስ እስኪመጣ ዝሆኑ ይተኛል።»

ዝሆኑ ተኛ ማለት ሆስፒታሎቹ ወደ ሌላ ማጠቢያ ቤት ይሄዳሉ ማለት ነው። የመቁረጫው ገመድ ሲዘረጋ ልጅቷ ከቆመችበት ተነቃነቀች። ወደ በሩ ቀርባ ማጠፊያውን፣ እጀታውን፣ መቆለፊያውን ፎቶ አነሳች። ከእናቷ መስመር ሥር ለጠፈችና ጻፈች፦ «በሩ ጠብቆ ተዘግቷል፣ አልከፈት ብሏል። ልንቆርጠው ነው። እንዲህ ዓይነት ገጥሞት የሚያውቅ ሰው አለ?»

«አሁን ደግሞ ለማን ነው የምትጽፊው?» አለ አለቃው። «የጠዋቱ ሰው እዚሁ ነው፤ የከሰዓቱ ቤቱ ተኝቷል።»

«ያልተኛ ካለ ብዬ ነው» አለች ዓይኗን ከታብሌቱ ሳታነሳ።

ጋሼ መፍቻ መነጽር አጥልቆ መቁረጫውን ሲያነሳ ታብሌቱ ጮኸ። የጻፈው ከሰዓት ማድረቂያ ላይ የሚሠራ፣ እምብዛም የማይናገር ሰው ነው። ገጹ ላይ ከዚያ ቀን በፊት አንድ ቃል ጽፎ አያውቅም። ልጅቷ ጮክ ብላ አነበበችው፦ «አትቁረጡት። ፎቶው ላይ የላይኛው ማጠፊያ ወርዷል፣ በሩ በክብደቱ ዘምሟል። ከሥሩ እንጨት አስገብታችሁ ወደ ላይ አንሱት፣ እጀታውን ያኔ አዙሩት። ድሮ የሠራሁበት ቤት እንዲህ ሆኖ ነበር። እኛ ቆርጠነው ተጸጽተናል።»

ጋሼ መፍቻ መቁረጫውን መሬት አስቀመጠ። ማጠፊያውን በእጁ ዳበሰና «ልክ ነው» አለ። «እኔ ዓይኔ እጀታው ላይ ተተክሎ ቀረ።»

ከዕቃ መጫኛው ላይ አንድ ጠፍጣፋ ጣውላ አመጡ። ጫኝ አውራጆቹ ከሥር ሲያነሱ ጋሼ መፍቻ እጀታውን ያዘ። ዝሆኑ አንድ ጊዜ አጓራና ተከፈተ። ውስጥ የቀረው ውሃ በሥራ አስኪያጇ ጫማ ላይ ፈሰሰ።

«ጫማዎን አጠበልዎ» አለች እትዬ ካውያ። «ማድረቂያው እዚያ ጋ ነው።»

ሥራ አስኪያጇ ከሳቁት መካከል አልነበሩም። እግራቸውን አራግፈው ወደ ልጅቷ ዞሩ። «ይህ ነገር እንዴት እንደ ተፈጠረ የሚያስረዳኝ አለ?»

ከልጇ ቀድማ እናቷ ወጣች። በሥራ ቦታ እንዲህ ድምጿን አውጥታ ተናግራ አታውቅም። «ጥፋቱ የኔ ነው እመቤቴ። እሷ የለችበትም። እኔ ነኝ ሳላውቅበት የጻፍኩት። ያቺን መስመር አጥፉልኝ፣ ከፈለጋችሁም እኔን አሰናብቱኝ። ልጄን ግን በኔ ድንቁርና አታሰናብቱብኝ።»

«መስመሯ አትጠፋም፣ እማዬ» አለች ልጅቷ።

«ልጄ ዝም በይ።»

«አትጠፋም። አንቺ ያየሽውን ጻፍሽ። ጋሼም የተጻፈውን አነበበ። ሁለታችሁም አልተሳሳታችሁም፤ በመካከላችሁ የጎደለ ነገር ነበር። መስመሯን ካጠፋናት ነገ ሌላ ሰው እዚያው ጉድጓድ ይገባል።» ወደ አለቃው ዞረች። «አለቃ ያሉት ደግሞ ትክክል ነው። በአፍ ቢሆን አንሳሳትም ነበር። እንግዲያው አፉንም ገጹ ላይ እናምጣው። ከዛሬ ጀምሮ የማሽን ነገር የሚጽፍ ሁሉ ፎቶ ወይም ድምፅ ያክልበት። ድምፅ ጠብቆ ነው ላልቶ አያሰኝም።»

አለቃው አንገቱን ነቀነቀ። የራሱ ቃል ሲሠራበት እንጂ ሲናቅበት አላየምና የሚቀየምበት አጣ።

ሥራ አስኪያጇ መነጽራቸውን ከግንባራቸው አውርደው ታብሌቱን ተቀበሉ። የእመ ዝሆንን መስመር ብዙ ጊዜ አዩት። «ይህ ትናንት ነው የተጻፈው?»

«አዎ» አለች እመ ዝሆን በሚጠፋ ድምፅ።

«ይህን ቤት ከያዝኩ ጀምሮ ማሽን ሲበላሽ ያልነገረኝ የለም። ሊበላሽ ሲል የነገረኝ ግን አንቺ የመጀመሪያዋ ነሽ።» ታብሌቱን መለሱና እርጥብ ጫማቸውን እያስጮኹ ወደ ቢሮ ወጡ። ስለ ልጅቷ ያሉት ነገር አልነበረም። እናቷ ያን ቀን ሙሉ የጫማውን ድምፅ በደግም በክፉም ስትተረጉመው ዋለች።

አንሶላው ለሆስፒታሉ በሰዓቱ ደረሰ። ጋሼ መፍቻ ማጠፊያውን ለወጠና፣ የለወጠበትን መንገድ በፎቶ አስደግፎ ገጹ ላይ አኖረ፤ ከላዩም ፍንጩን የሰጠው ዝምተኛው የማድረቂያ ሠራተኛ መሆኑን ጻፈ። ልጅቷ ደግሞ «ጠብቆ ወይስ ላልቶ» የሚል አዲስ ክፍል ከፈተች፤ በሁለት መንገድ የሚነበብ ቃል ያጋጠመው ሁሉ የሚያስገባበት። የመጀመሪያዋ ቃል የእናቷ ሆነች። ጋሼ መፍቻ ከሥሯ አከለበት፦ «ጉድ እኮ ነው። በሩ ጠበቀ ለማለት ላልቶ ይነበባል፤ ቆሞ ሰው የሚጠብቀው ደግሞ ጠብቆ። ይህን ፊደል የሠራው ሰው ማጠፊያ ሳይሠራ አልቀረም።»

ከዚያ የሚያቆማቸው ጠፋ። አንዱ «የዋና ፎጣ ለብቻ» ተብሎ የተጻፈበትን ዕቃ ዋነኛው ፎጣ መስሎት የመዋኛውን ከሌላው ጋር መቀላቀሉን ተናዘዘ። ሌላው «አለቃው አለ» የሚል መልእክት ሲደርሰው አለቃው የመጣ መስሎት ከመኝታው ተነሥቶ ቀጥ ብሎ እንደ ቆመ፣ ለካስ ነገሩ «አለቃው እንዲህ አለ» እንደነበረ ጻፈ። እትዬ ካውያ አምሽታ ገባችበት፦ «ትልቁ ማድረቂያ ሲዞር ይሰማል ተብሎ ተጽፎ አየሁ። ከሰማማ ሐሜታችንን ወደ መተኮሻው እናዛውር።» ከሰዓት ገቢዎቹ በማያውቋት ሴት ቀልድ ሳቁ። አለቃው ሳይቀር ገባበት፤ አንድ ቀን የሆቴሎቹን ሁሉ ጠባይ፣ በልቡ ይዞት የኖረውን፣ በድምፁ እያወራ ጫነው። ድምፁ ያምራል። ሰው ደጋግሞ ያዳምጠው ነበር።

እመ ዝሆን ያንን ክፍል ይዛ ትምህርት ቤት ሄደች። አስተማሪዋ አነበበችው፣ ሳቀች፣ የዕለቱን ትምህርት ትታ ቃላቱን በሰሌዳው ላይ ጻፈቻቸው። ጉልበታቸው ዴስኩ ውስጥ የማይገባ እናቶችና አባቶች ሁሉ «ይበላል» እና «ይበላል»ን እየረገጡና እየለቀቁ ሲጮኹ ዋሉ። እመ ዝሆን ከኋላ ሆና ልጇን አሰበች። ሲሳሳት የሚያፍር ስንት ሰው አይታለች፤ ስህተትን እንዲህ አንጥፋ ሰው ሁሉ እንዲቀመጥበት የምታደርግ ግን የወለደቻትን ብቻ ነው ያየችው። ይህን ከየት አመጣችው? ከእኔስ አይደለም፣ አለች በልቧ። እኔ የተሰበረ ሰሃን ደባቂ ነኝ።

የሙከራው ጊዜ አለቀ። ሥራ አስኪያጇ ልጅቷን ቢሮ ጠሯት። እናቷ ዝሆኑን እያጎረሰች ዓይኗ ደረጃው ላይ ነው። ልጅቷ ስትወርድ እየሳቀች ነበር፤ እናቷ ግን ያንን ሳቅ አወቀችው። የተላጠ ጉልበት ሳቅ ነው።

«ተቀጠርኩ፣ እማዬ።»

«ተመስገን። ታዲያ ፊትሽ ምን ሆነ?»

«በቋሚነት ነው የተቀጠርኩት። ግን ለሌላኛው ቤት። በሌላው ከተማ ትልቅ ማጠቢያ ከፍተዋል። ‹እዚያ ሰው ከሰው አይነጋገርም› አሉ። ‹ይኸኛው ገጽ ያለ አንቺም ይሄዳል፣ ሰዉ ይዞታል፤ አንቺ እዚያ ሂጂልን› አሉኝ።»

እመ ዝሆን ያልታጠበውን አንሶላ በእጇ እንደያዘች ቆመች። ገጹ እንዲሠራ የጸለየችው ልጇ እንድትቀርላት ነበር። ገጹ ሠራ፤ እጅግ አድርጎ ሠራ፤ ልጇን የሚወስድባትም ያው መሥራቱ ሆነ። ባይሠራም ትሄድ ነበር፣ ሠርቶም ትሄዳለች። ልዩነቱ ግን አልጠፋትም። ያኔ ብትሄድ ተባርራ ነው፤ አሁን የምትሄደው ተፈልጋ ነው።

«አልሄድም ልላቸው እችላለሁ» አለች ልጅቷ ቀስ ብላ። «አንቺ በይኝና።»

እናቷ የምትላት ብዙ ነበር። ማን ያበላሻል፣ ብታሚ ማን ያውቃል፣ ምሽት ላይ ብቻሽን እንዳትሄጂ፣ እኔስ ለማን ነው የማበስለው። ሁሉም አንደበቷ ጫፍ ላይ ተሰልፎ ነበር። አንዱንም አላወጣችውም።

«እዚያ ያሉትም እናቶች አሏቸው» አለች በመጨረሻ። «ጽፈው የማያውቁ። ሂጂና አጽፊያቸው።»

«በየቀኑ እጽፍልሻለሁ።»

«ድምፅም ጨምሪበት። ደህና ነኝ ስትይ ደህና መሆንሽን ከድምፅሽ ነው የማውቀው።»

ልጅቷ ሳቀች፤ ይሄኛው ሳቅ የእውነት ነበር። አንሶላውን ከወዲያ ጫፍ ይዛላት አብረው ዘረጉትና ለዝሆኑ አጎረሱት።

በዚያ ሰሞን የቤቱ ሰው ተዘዋወረ። አለቃው ሌላ ድርጅት የተሻለ ቦታ ሰጥቶት ለቀቀ፤ ድምፁ ግን ገጹ ላይ አለ። ዝምተኛው የማድረቂያ ሠራተኛ በቦታው አለቃ ሆነ። ጋሼ መፍቻ ቀረ። እትዬ ካውያ ቀረች። ልጅቷ በሰኞ ጠዋት አውቶቡስ ሄደች፤ እናቷ ቀረች።